ጎማው ካልዞረ ክፍያ የለም፦ የአሜሪካ የረጅም ርቀት ሾፌሮች ያልተከፈለ ሰዓት

አሜሪካ ውስጥ ረጅም ርቀት የሚነዳ የትራክ ሾፌር አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በሰዓት ሳይሆን በማይል ነው። ጎማው ሲዞር ሳንቲሙ ይቆጠራል፣ ጎማው ሲቆም ቆጠራውም ይቆማል። ሥራው ግን አይቆምም። ከመነሳት በፊት መኪናውን መፈተሽ አለ። ነዳጅ መቅዳት፣ ጭነት ማስመዘን፣ ወረቀት ማስፈረም፣ ባዶ ትሬለር ፍለጋ ግቢ ለግቢ መዞር አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ መጠበቅ አለ። የዚህ ሁሉ ዋጋ "ማይሉ ውስጥ ተካቷል" ይባላል። እንዲህ የሚለው ግን ከፋዩ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ሰው ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሚኒሶታ፣ በዳላስ፣ በሲያትል ታክሲና ኡበር ሲነዱ የነበሩ ብዙ ሐበሾች ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አውጥተው ትራክ ላይ ወጥተዋል። "ትራክ ጥሩ ብር አለው" ሲባል ሰምተው ነው። ነገሩ ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በመንግሥት ስታቲስቲክስ መሠረት የከባድ መኪና ሾፌሮች መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 57,440 ዶላር ነበር፤ ግማሹ ሾፌር ከዚህ በላይ፣ ግማሹ ከዚህ በታች ያገኛል ማለት ነው። ይህ ቁጥር የማይናገረው ያንን ብር ለማግኘት ስንት ሰዓት እንደሄደ ነው። ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ይሠራል። ሾፌሩን ሕጉ በስምንት ቀን ውስጥ እስከ 70 ሰዓት ያሠራዋል፤ ከዚያም በላይ የሚያድረው መኪናው ውስጥ ነው።

አንድ ቀን እንይ። ሾፌሩ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የምግብ ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ቀጠሮ አለው። በሪፈር፣ ማለትም በማቀዝቀዣ ትሬለር፣ ዶሮ ጭኖ መጥቷል። ጥበቃው በር ላይ የቀጠሮ ቁጥሩን ይጠይቀዋል። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዶ ወረቀቱን ይሰጣል፣ ስልክ ቁጥሩን ይተዋል። "ቴክስት እናደርግልሃለን" ይሉታል። የዶክ (የማውረጃ በር) ቁጥር ሲደርሰው ትሬለሩን በኋላ ማርሽ ያስጠጋል። ግድግዳው ላይ ያለው መብራት ቀይ ነው። አረንጓዴ እስኪሆን ንቅንቅ የለም። ላምፐር የሚባሉት አውራጆች ፎርክሊፍታቸውን ይዘው ሲፈልጉ ይመጣሉ፣ ሲፈልጉ ወደ ሌላ በር ይሄዳሉ። የእነሱ ሂሳብ ግን አይቀርም፤ ሾፌሩ ከድርጅቱ የክፍያ ኮድ ተቀብሎ እዚያው ይከፍላቸዋል። መጋዘኑ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ የማይከፈልበት ሰዓት ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው። መብራቱ አረንጓዴ የሆነው እኩለ ቀን ላይ ነው እንበል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሄደ።

አሁን ሕጉ ይመጣል። ሾፌር አሥር ሰዓት ካረፈ በኋላ መንዳት የሚችለው 11 ሰዓት ብቻ ነው። ያንንም ሥራ ከጀመረበት ደቂቃ አንስቶ በሚቆጠር የ14 ሰዓት መስኮት ውስጥ መጨረስ አለበት። መጋዘን በር ላይ ቆሞ ሳለ ይህ ሰዓት በመሠረቱ አይቆምለትም። መኪናው ውስጥ ባለው አልጋ ላይ ከሚደረግ ዕረፍት ጋር ከፋፍሎ ማቆም የሚቻልበት ደንብ አለ፣ ግን ሁልጊዜ አይመችም። ስለዚህ የኛ ሰው ስምንት ሰዓት ቀረው። ነዳጅ፣ ፍተሻና የማደሪያ ፓርኪንግ ፍለጋ አንዱን ሰዓት ቢበሉበት ሰባት ሰዓት ይነዳል። በሰዓት 60 ማይል ቢሄድ 420 ማይል ነው። በማይል 60 ሳንቲም ቢከፈለው 252 ዶላር ይሆናል። ለ14 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 18 ዶላር ማለት ነው። ባይጠብቅና 11 ሰዓቱን ሙሉ ቢነዳ 396 ዶላር ያገኝ ነበር። ልዩነቱን የበላው ዶሮውን የተረከበው መጋዘን ነው፤ ለዚያውም ሳያውቀው፣ ወይም ግድ ሳይሰጠው።

ይህ መጠበቅ በሙያው ቋንቋ ዲቴንሽን ይባላል። በልማድ የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ነፃ ነው። ከዚያ በላይ ለሚጠበቀው ክፍያ ቢኖርም ብሩ የሚመጣው ለድርጅቱ ነው፤ ሾፌሩ ጋ መድረሱ በድርጅቱ ደግነት ወይም በውሉ ይወሰናል። የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ ዲቴንሽን የተለመደ የጭነት ኩባንያ ሾፌርን በዓመት ከ1,281 እስከ 1,534 ዶላር ገቢ እንደሚያሳጣው ገምቷል። እዚያው ሪፖርት ላይ በመጫኛና ማውረጃ ቦታ የሚጠፋው አማካይ ጊዜ በ15 ደቂቃ ሲጨምር የአደጋው መጠን በ6.2 በመቶ ከፍ እንደሚል ተጽፏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በር ላይ የጠፋውን ሰዓት መንገድ ላይ ማካካስ ይመጣል።

የሚገርመው ነገር፣ ይህን ነፃ ሥራ ሾፌሩ ራሱ መዝገቡ ላይ ይደብቀዋል። ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ አብዛኛው ትራክ ኢ-ኤል-ዲ የሚባል ኤሌክትሮኒክ መመዝገቢያ እንዲኖረው ግዴታ ነው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ማሽኑ ራሱ ይመዘግባል። ቆሞ ሲጠብቅ ግን "ሥራ ላይ" ወይም "ዕረፍት" ብሎ የሚመርጠው ሾፌሩ ነው። "ሥራ ላይ" ካለ ከ70 ሰዓቱ ይቀነስበታል፣ ክፍያም የለውም። ታዲያ ማን ይመርጠዋል? "ዕረፍት" ይጫናል። በኋላ መዝገቡን ያየ ሰው ሾፌሩ ግማሽ ቀን ተኝቶ የዋለ ይመስለዋል።

ነገሩ እንዲህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በ1935 የወጣው የጭነት ትራንስፖርት ሕግ የሾፌሮችን የሥራ ሰዓት የመወሰን ሥልጣን ለፌደራሉ የንግድ ኮሚሽን ሰጠ። በ1938 የኦቨርታይም ሕግ ሲወጣ "የእነዚህ ሰዓት ሌላ ጠባቂ አለው" ተብሎ ሾፌሮቹ ከኦቨርታይም ውጭ ተደረጉ። ያኔ ብዙ አልጎዳቸውም። የጭነት ዋጋ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ነበር፣ ቲምስተርስ የሚባለው የሠራተኛ ማኅበርም ጉልበተኛ ነበር። በ1964 የማኅበሩ መሪ ጂሚ ሆፋ ያስፈረመው ብሔራዊ ስምምነት ከ400,000 በላይ ሾፌሮችን ያቀፈ ነበር። በ1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የዋጋ ቁጥጥሩን የሚያላላ ሕግ ፈረሙ። ማኅበር የሌላቸው አዳዲስ ኩባንያዎች ገበያውን አጥለቀለቁት፣ የጭነት ዋጋ ወረደ፣ ደሞዝም አብሮ ወረደ። ዋጋውና ማኅበሩ ሄደው የ1938ቱ ኦቨርታይም ክልከላ ብቻ ቀረ።

ዝቅተኛው የደሞዝ ወለልስ? እሱ ለሾፌርም ይሠራል፤ በፌደራል ደረጃ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ነው። ነገር ግን ብዙ ፍርድ ቤቶች የሚያሰሉት የሳምንቱን ጠቅላላ ክፍያ ለጠቅላላ ሰዓቱ አካፍለው ነው። አማካዩ ከ7.25 ካለፈ፣ ስድስት ሰዓት በነፃ መጠበቁ በሕጉ ዓይን የለም።

ማይሉ ራሱም ተንኮል አለው። ብዙ ድርጅቶች የሚከፍሉት መኪናው በሄደበት ሳይሆን ከዚፕ ኮድ እስከ ዚፕ ኮድ በአጭሩ መንገድ በተሰላ ርቀት ነው። ትራክ የማያሳልፍ ድልድይ፣ የተዘጋ መንገድ፣ ከተማ ውስጥ የመጨረሻዋ ጥምዝምዝ፣ እነዚህ ከኪስ ናቸው።

ከሁሉ የሚከፋው ጀማሪው ላይ የሚደርሰው ነው። ኒው ፕራይም በተባለው ትልቅ ኩባንያ ላይ አንድ ሾፌር በመሠረተው ክስ መሠረት፣ ሠልጣኙ መጀመሪያ 10,000 ማይል ያለ ክፍያ መሄድ ነበረበት። ከዚያ ትራኩን ከኩባንያው በሊዝ ወስዶ "ራስህን የቻልክ ነጋዴ ነህ" ይባላል፤ የሊዙ፣ የነዳጁና የኢንሹራንሱ ሂሳብ ከቼኩ ይቆረጣል። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጥር 2019 ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 በሆነ ድምፅ፣ እንዲህ ያለ ሾፌር "ኮንትራክተር" ቢባልም ኩባንያው በፌደራሉ የግልግል ሕግ ተጠቅሞ ከፍርድ ቤት ሊያስወጣው እንደማይችል ወሰነ። ሊዙ ግን ዛሬም አለ። በእኛ ሰው መካከል ደግሞ ለስለስ ያለ መልክ አለው። ዘመድ ትራክ ይገዛል፣ ሌላው ዘመድ በ1099፣ ማለትም እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ኮንትራክተር፣ ይነዳለታል። ቡና ላይ የተስማሙት ነገር ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ዲቴንሽን መጣ አልመጣ ብሎ አጎትን መጠየቅ ነውር ይመስላል። እኔ እንደማየው ከትልቁ ኩባንያ ይልቅ እዚህ ጋ ነው ሰው አፉን ይዞ የሚከስረው።

አንዳንድ ፍርዶች ወደ ሾፌሩ አዘንብለዋል። በካሊፎርኒያ የዋልማርት ሾፌሮች ለፍተሻ፣ ለአጭር ዕረፍትና ለማደሪያ ሰዓት አልተከፈለንም ብለው ከሰው በ2016 ወደ 54 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደላቸው፤ በ2020 ይግባኝ ሰሚው አጸናው። ለአሥር ሰዓት ማደሪያ ይሰጣቸው የነበረው 42 ዶላር ነበር። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ቦስተን ያለው ፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ በሁለት ሾፌር በሚነዳ ትራክ ውስጥ አንዱ አልጋ ላይ ሆኖ የሚያሳልፈው ከስምንት ሰዓት በላይ የሆነ ጊዜ ሊከፈልበት ይገባል ብሏል። ይህ ውሳኔ የሚያስገድደው ግን የዚያን አካባቢ ፍርድ ቤቶች ብቻ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት በ2006 በወጣ ደንብ መሠረት የመንገድ ደህንነትን የሚጎዳ ከሆነ በርቀት መክፈል ክልክል ነው። ያም ሆኖ በ2023 ከጆርጂያና ከኡዝቤኪስታን የመጡ ሾፌሮች ያልተከፈለ ደሞዛቸውን ለማግኘት ጀርመን ውስጥ ግሬፈንሃውዘን የመኪና ማረፊያ ላይ ለሳምንታት ትራካቸውን አቁመዋል። የጅቡቲን መስመር የነዳ የአገራችን ሾፌርም ወደብ ላይና ድንበሩ ላይ ጋላፊ ተሰልፎ ማደር ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረው አያስፈልግም።

አሜሪካ ውስጥ የ1938ቱን ክልከላ የሚያነሳ ረቂቅ ሕግ ከ2022 ጀምሮ ለኮንግረስ ተደጋግሞ ቀርቧል። የግል ባለትራኮች ማኅበር ይደግፈዋል፣ የትልልቆቹ ኩባንያዎች ማኅበር ይቃወመዋል። እስኪያልፍ ድረስ ሾፌሩ እጅ ላይ ያለው ወረቀት ነው። ዲቴንሽን በሰዓት ስንት እንደሆነ ጭነቱ ከመያዙ በፊት ሬት ኮንፈርሜሽኑ (የዋጋ ስምምነቱ ወረቀት) ላይ ማስጻፍ፤ ሁለቱ ሰዓት ሳያልቅ ጭነቱን ላገናኘው ደላላ፣ ለብሮከሩ፣ በኢሜይል ማሳወቅ፤ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የጭነቱ ሰነድ) ላይ ማስፈረም። ተቀባዩ ሰዓት አልጽፍም ካለ የኢ-ኤል-ዲውን የቦታ መዝገብ ማያያዝ ይቻላል። ፊርማ የሌለበት ዲቴንሽን ብሮከር ሲከፍል ብዙም አይታይም።