ፊንሐስን አንብበው ሲፓራን የዘለሉ ሰዎች

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የዛሬው ትምህርት ለጆሮ ደስ አይልም። መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ገጠር ስለገቡና ከዓመታት በኋላ ከበርሜል መርዝ ጋር ስለተያዙ ሰዎች ነው።

ነገሩ የሆነው አሜሪካ ነው። ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ። በ1970ዎቹ ጄምስ ኤሊሰን የሚባል ሰባኪ በአርካንሳስና በሚዙሪ ድንበር፣ ቡል ሾልስ ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ፣ የአማኞች መንደር አቋቋመ። ቦታው 224 ኤከር ጫካ ነው። ቤተሰቦች ከከተማ ወጥተው እዚያ ሰፈሩ። አብረው ይጸልያሉ፣ አብረው ይሠራሉ፣ ያላቸውን ይካፈላሉ። ከሱስ ለመላቀቅ የመጡም ነበሩ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2ን የሚወድ ሰው ያኔ ቢጎበኛቸው ኖሮ “እኔም ልምጣ” ማለቱ አይቀርም።

ከዚያ ፍርሃት ገባ። የስብከቱ ርዕስ ሁሉ የመጨረሻው ዘመን ሆነ። ኢኮኖሚው ይፈርሳል፣ ከተሞች ይቃጠላሉ፣ የተራበው ሕዝብ ወደ ገጠር ይጎርፋል ተባለ። እህል ተከማቸ። እህሉን የሚጠብቅ ጠመንጃ ተገዛ። እህል ማከማቸት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ዮሴፍም ሰባት ዓመት ሙሉ አከማችቷል። ግን ዮሴፍ ጎተራውን የከፈተው ለግብፃውያን፣ ከየአገሩ ለመጣ ረሃብተኛና ለሸጡት ወንድሞቹ ጭምር ነው። የኤሊሰን ሰዎች ግን ጎተራቸው በር ላይ ዘብ አቆሙ።

ቀጥሎ ጫካው ውስጥ ለተኩስ ልምምድ የሚሆን የውሸት ከተማ ሠሩ። ስማቸውንም “ቃል ኪዳን፣ ሰይፍና የጌታ ክንድ” አሉት። መሪያቸው ኤሊሰን በ1982 ንጉሥ ተብሎ ተቀባ። ሁለተኛ ሚስትም አገባ። (ራሱን ያነገሠ ሰባኪ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ሚስት ማግባቱን አስተውላችኋል?)

ሚያዝያ 19፣ 1985 ወደ 300 የሚጠጋ የፖሊስና የፌዴራል ኃይል ሰፈሩን ከበበ። በአራተኛው ቀን፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስ፣ እጃቸውን ሰጡ። ሲፈተሽ ከባድ መሣሪያ፣ ፈንጂና ፀረ ታንክ ሮኬት ተገኘ። ከሁሉ የከፋው 30 ጋሎን ሳያናይድ የተባለ ገዳይ መርዝ ነበር። ወደ 113 ሊትር ማለት ነው። የታሰበው ለከተሞች የመጠጥ ውኃ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ኃጢአተኛውን ቀጥቶ የመሲሑን መምጣት ማፋጠን! ጴጥሮስ ግን በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 3 ጌታ የዘገየ የሚመስለን ማንም እንዳይጠፋ ስለሚታገሥ ነው ይላል። እነዚህ ሰዎች የፈጣሪን ትዕግሥት እንደ ሥራ መጓተት ቆጠሩት።

እዚህ ያደረሳቸው ፍርሃት ብቻ አይደለም። ፍርሃቱ ጠላት ፈለገ። የጠላቱን ስም የሰጣቸው ደግሞ ትምህርት ነው። ትምህርቱ “ክርስቲያን አይደንቲቲ” ይባላል። ሥሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር የተነሣ ሐሳብ ነው፤ የጠፉት ዐሥሩ የእስራኤል ነገዶች እኛ ነን የሚል። አሜሪካ ሲሻገር መረረ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዌስሊ ስዊፍት የሚባል ሰባኪ አስፋፋው። ተከታዩ ሪቻርድ በትለር ወደ አይዳሆ ገጠር ወስዶ ሄይደን ሌክ አጠገብ “አሪያን ኔሽንስ” የተባለውን ሰፈር ተከለ። የሚሰብኩት ይህ ነው፦ እውነተኛው እስራኤል ነጩ ነው። አይሁድ ሔዋን ከእባቡ ከወለደችው ከቃየን የመጡ ናቸው። ጥቁር ሕዝብ ደግሞ ከአዳም በፊት ከአራዊት ጋር የተፈጠረ ነው።

ዘፍጥረት 4፥1ን ክፈቱ። “አዳምም ሚስቱን ሔዋንን አወቀ፤ ፀነሰችም፥ ቃየንንም ወለደች” ይላል። እባቡ የት አለ? አንድ ቁጥር ማንበብ ይበቃ ነበር። ሆኖም ጥላቻ አስቀድሞ ልብ ውስጥ ከገባ ዓይን የተጻፈውን ይዘላል።

ከሁሉ የሚወዱት ታሪክ ግን የፊንሐስ ነው። ዘኍልቁ 25። አንድ እስራኤላዊ ምድያማዊት ሴት ይዞ ወደ ሰፈሩ ገባ። ፊንሐስ ጦር አንሥቶ ሁለቱንም ወጋቸው። በዚህ የተነሣ ከዚህ ወገን ያሉ አንዳንዶች ራሳቸውን “የፊንሐስ ካህናት” አሉ። “እግዚአብሔር ዘር እንዳይቀላቀል ያዘዘበት ምዕራፍ ነው” ይላሉ። በ1996 በዋሽንግተን ግዛት፣ ስፖኬን አካባቢ፣ በዚሁ ስም ባንክ የዘረፉና ቦምብ ያፈነዱ ነበሩ።

እስቲ ቆም ብለን እንጠይቅ። በዚያ ቀን የሕዝቡ መሪ ማን ነበር? ሙሴ። ሙሴ ያገባው ማንን ነው? ሲፓራን፣ የምድያሙን ካህን የዮቶርን ልጅ። ነገሩ የዘር ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ጦሩ መጀመሪያ መሄድ የነበረበት ወደ ሙሴ ድንኳን ነው። ምዕራፉ ከመጀመሪያው የሚናገረው ሕዝቡ ለብዔል ፌጎር ስለ መስገዱ ነው። ጉዳዩ ጣዖት ነው። ደግሞም ወደ ኋላ ወደ ምዕራፍ 12 ተመለሱ። ማርያምና አሮን ሙሴን ኢትዮጵያዊት ሴት አገባህ ብለው አሙት። የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በማን ላይ ነው? በሐሜተኞቹ ላይ። ማርያም በለምጽ እንደ በረዶ ነጭ ሆነች። የነጭ ዘር ሰባኪዎቹ ይህን ምዕራፍ ሲያነቡ ምን እንደሚሰማቸው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ፍሬውም ታየ። ከኤሊሰን ሰፈር ጋር ግንኙነት የነበረው ሪቻርድ ስኔል በ1983 ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ገንዘብ የሚያበድር አንድ ባለ ሱቅ ገደለ። አይሁዳዊ መስሎት ነበር፤ ሰውየው አይሁዳዊ አልነበረም። በዓመቱ ጥቁር የግዛት ፖሊስ ገደለ። በዚያው 1984 “ዘ ኦርደር” የተባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን ዴንቨር ውስጥ አይሁዳዊውን የሬዲዮ ሰው አለን በርግን በቤቱ በር ላይ ተኩሶ ገደለው።

የእኛም ደም አለበት። በኅዳር 1988 ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ፣ ለትምህርት የሄደው ኢትዮጵያዊ ሙሉጌታ ሥራው በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ ተገደለ። 28 ዓመቱ ነበር። ገዳዮቹ የከተማ ወጣቶች ናቸው፣ ከገጠሩ ሰፈር አልመጡም። ግን ያነሣሣቸው ድርጅት መሪ ቶም ሜትዝገር ቀደም ሲል በዚሁ የአይደንቲቲ ትምህርት አገልጋይ ሆኖ የተሾመ ሰው ነበር። በ1990 ፍርድ ቤት ሜትዝገርን ጨምሮ ተከሳሾቹ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንዲከፍሉ ወሰነ። በ2000 ደግሞ የአይዳሆው ሰፈር በተመሳሳይ ክስ 6.3 ሚሊዮን ተፈርዶበት መሬቱን አጣ። ሁለቱንም ክስ የመራው ጠበቃ ሞሪስ ዲስ ነው።

እዚህ ላይ “የፈረንጅ ጣጣ ነው” ብለን እንዳናልፍ። ከእኛ መካከል አንዱ ተነሥቶ ጎረቤቱን ብሔር “የአማሌቅ ዘር” ብሎ ቢጸልይ፣ እኛም አሜን ብንል፣ ከኤሊሰን ሰፈር በምን እንለያለን? በቋንቋው ብቻ። ስብከት ሰምታችሁ ስትወጡ አንድን ሕዝብ በጅምላ መፍራት ከጀመራችሁ፣ ጥቅሱን ቤት ገብታችሁ ከላይም ከታችም አንብቡት። ሰባኪውንም ጠይቁት። ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

አሁን ስለ ኬሪ ኖብል ልንገራችሁ። የኤሊሰን ምክትል ነበር፣ የሰፈሩም መምህር። በ1984 ቦምብ የያዘ ቦርሳ አንጠልጥሎ ካንሳስ ሲቲ ሄደ። ዒላማው የተመሳሳይ ፆታ ወዳጆች የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ገብቶ ተቀመጠ። ቦርሳውን ትቶ መውጣት ብቻ ነው የቀረው። ግን አምልኮው ተጀመረ። ሲዘምሩ አየ። ሲተቃቀፉ አየ። በጋብቻ ላይ ያለን አቋም የታወቀ ነው፤ የዛሬው ጥያቄ እሱ አይደለም። ኖብል ለዓመታት “ጠላት” እያለ ያስተማረበት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ኖሮት አጠገቡ ተቀመጠ። ቦርሳውን ይዞ ወጣ።

ያን ቀን ግን መላእክት አልዘመሩም። ወደ ሰፈሩ ተመልሶ ገባ። በማግሥቱም ጥሎ አልወጣም። ንስሐ አንዳንዴ እንዲህ ይንቀራፈፋል። በሚቀጥለው ዓመት ከበባው ሲመጣ ግን በሰፈሩና በፌዴራል ፖሊሱ መካከል እየተመላለሰ ያደራደረው ይኸው ሰው ነው። ሴቶችና ልጆች በሰላም ወጡ። ኤሊሰን 20 ዓመት ተፈረደበት፣ ኖብል 5 ዓመት። ከእስር ሲወጣ የቀድሞ ትምህርቱን በአደባባይ ካደ። ለዚያ የጥላቻ ትምህርት ጥቅስ ያቀርብ የነበረው መምህር እሱ ራሱ መሆኑን ሳይደብቅ፣ ለፖሊሶችም ለተማሪዎችም ሲናገር ኖረ።