የፎርሙላ 1 አሽከርካሪዎች ዝውውር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በየዓመቱ ወደ ነሐሴ ገደማ የመኪና ውድድሩ ፎርሙላ 1 ለእረፍት ሲዘጋ ወሬው ይደራል። ለሚቀጥለው ዓመት ማን ይለቃል? ማን ይተካዋል? እኔም እንደ ሌላው ሰው በጉጉት እከታተላለሁ። የሚያሳስበኝ ግን ክርክሩ ብዙ ጊዜ አሠራሩን ባለማወቅ ላይ መመሥረቱ ነው። በመላው ዓለም ያለው የአሽከርካሪ ቦታ 22 ብቻ ነው። ካዲላክ በ2026 11ኛ ቡድን ሆኖ ከመግባቱ በፊት ደግሞ 20 ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ለዚህ የለፋ ሰው ቦታውን እንዴት እንደሚያገኝና እንዴት እንደሚያጣ በትክክል ማወቅ ተገቢ ነው። (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ውል አለው፤ ስለዚህ የትም አይሄድም»

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ስህተት ይህ ነው። ሉዊስ ሃሚልተን በኦገስት 2023 መጨረሻ እስከ 2025 በመርሴዲስ እንደሚቆይ ተነገረ። ከአምስት ወር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024፣ በቀጣዩ ዓመት ወደ ፌራሪ እንደሚሄድ ታወጀ። ውል አላፈረሰም። ውሉ ራሱ ከአንድ ዓመት በኋላ መውጣት የሚያስችለው አንቀጽ ነበረው፤ እሱን ተጠቀመበት።

ቡድኖችም እንደዚሁ ያደርጋሉ። ሬድ ቡል በጁን 2024 የሴርጂዮ ፔሬዝን ውል ለሁለት ዓመት አራዘመ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ተለያዩ። ኪሚ ራይኮነን በፌራሪ እስከ 2010 የሚቆይ ውል ነበረው፤ ፌራሪ ግን ፈርናንዶ አሎንሶን ለማምጣት ሲል ገንዘብ ከፍሎ ከአንድ ዓመት በፊት አሰናበተው። የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ላለመንዳት ተከፈለው ማለት ነው።

ስለዚህ «እስከ 2027 ፈርሟል» የሚል ዜና ስታነቡ ዓመቱን ብቻ አትመልከቱ። ዋናው ጥያቄ የመውጫው በር በማን እጅ ነው የሚለው ነው። አንዳንዱ ውል አሽከርካሪው በሻምፒዮናው ከተወሰነ ደረጃ በታች ከወረደ እንዲለቅ ይፈቅድለታል። አንዳንዱ ምርጫውን ለቡድኑ ብቻ ይሰጣል። እነዚህ አንቀጾች ለሕዝብ አይገለጹም፤ ለዚህ ነው ዝውውር ሁልጊዜ ድንገተኛ የሚመስለው።

«ቡድኑ ካስታወቀ አለቀ ማለት ነው»

አላለቀም። ይህን ለማየት ከ2022 የተሻለ ዓመት የለም። ታሪኩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ አንድ ሰው ሲለቅ ስንት ሰው እንደሚነቃነቅም በደንብ ያሳያል።

ጁላይ 28 ሰባስቲያን ፌትል በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ እንደሚወጣ አስታወቀ። በሚነዳበት ቡድን በአስቶን ማርቲን ውስጥ ቦታ ተከፈተ። ኦገስት 1 ያንን ቦታ አሎንሶ እንደያዘ ተሰማ። አሎንሶ ያን ጊዜ የአልፓይን አሽከርካሪ ነበር። የአልፓይን አለቃ ኦትማር ዛፍናወር ነገሩን ያወቀው እንደማንኛችንም ከወጣው መግለጫ ነው፤ ራሱ ተናግሮታል። በማግስቱ አልፓይን ተጠባባቂውን ኦስካር ፒያስትሪን የ2023 አሽከርካሪዬ ነው ብሎ አወጀ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ፒያስትሪ በትዊተር መለሰ፦ መግለጫው ያለ እኔ ፈቃድ የወጣ ነው፣ ከአልፓይን ጋር ለ2023 ውል አልፈረምኩም፣ ለእነሱም አልነዳም። ገና አንድም የፎርሙላ 1 ውድድር ያልነዳ የ21 ዓመት ልጅ አንድን ትልቅ ቡድን በአደባባይ አስተባበለ።

ጉዳዩ ጄኔቫ ወደሚገኘው የውል ዕውቅና ቦርድ ሄደ። ብዙ ተመልካች ይህን ቦርድ አያውቀውም። የተቋቋመው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን መነሻው በ1991 ሚካኤል ሹማኸር አንድ ውድድር ለጆርዳን ነድቶ ለቀጣዩ ወደ ቤኔተን በመሄዱ የተነሳው ጭቅጭቅ ነው። ቡድኖች ውላቸውን እዚያ ያስመዘግባሉ። ሁለት ቡድኖች አንድን ሰው የእኔ ነው ካሉ የሕግ ባለሙያዎች ወረቀቱን መርምረው ይወስናሉ። ሴፕቴምበር 2 ቀን 2022 ውሳኔው ወጣ፦ ለ2023 የሚጸናው ውል ፒያስትሪ ጁላይ 4 ከማክላረን ጋር የፈረመው ብቻ ነው። አልፓይን ተሸነፈ።

ማክላረን ቦታውን ያገኘው ደግሞ ዳንኤል ሪካርዶን በማሰናበት ነው። ሪካርዶ እስከ 2023 መጨረሻ ውል ነበረው፤ ኦገስት 24 ግን በስምምነት እንደሚለያዩ ተነገረ።

በዚህ አላበቃም። ባዶ እጁን የቀረው አልፓይን ፊቱን ወደ ፒየር ጋስሊ አዞረ። ጋስሊ የሬድ ቡል ሰው ነበር፣ የሚነዳውም በእህት ቡድኑ በአልፋታውሪ ነው። ሬድ ቡል ተተኪ ሳላገኝ አልለቅም አለ። የፈለገው አሜሪካዊውን ኮልተን ኸርታን ነበር። ኸርታ ግን ፎርሙላ 1 የሚጠይቀውን ልዩ ፈቃድ የሚያስገኘው 40 ነጥብ አልሞላለትም፤ የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽንም በሩን አልከፈተለትም። በዚህ መሀል የዊሊያምሱ አሌክስ አልቦን በትርፍ አንጀት ሕመም የሞንዛ ውድድር አመለጠው። ኒክ ደ ፍሪስ ድንገት ተተክቶ ገባና 9ኛ ወጣ። ሬድ ቡልም ቦታውን ለእሱ ሰጠው፤ ጋስሊም ወደ አልፓይን ሄደ።

ደ ፍሪስ በ2023 የነዳው 10 ውድድር ብቻ ነው። ከዚያ ከቦታው ተነሳ። ማን ተካው? ሪካርዶ። ፌትል ጡረታ ስለወጣ የተጀመረው ሰንሰለት ዓመት ሊሞላው ሲል ሪካርዶን መልሶ አመጣው። ይህን ሁሉ አስቀድሞ ሊተነብይ የሚችል የውስጥ አዋቂ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም።

«እንደ እግር ኳስ ዝውውር ነው»

የፕሪሚየር ሊግን የዝውውር መስኮት ለለመደ ሰው እንዲህ ቢመስለው አይገርምም። ግን ፎርሙላ 1 የዝውውር መስኮት የለውም። በማንኛውም ወር መፈረም ይቻላል፤ በውድድር ዘመኑ መሀልም አሽከርካሪ ይቀየራል። ማክስ ቨርስታፐን በሜይ 2016 ከያኔው እህት ቡድን ከቶሮ ሮሶ ወደ ሬድ ቡል ያደገው ዳኒል ክቪያት ወደ ታች ወርዶ ነው። ገና ለሬድ ቡል በነዳው የመጀመሪያ ውድድር፣ በስፔን፣ በ18 ዓመቱ አሸነፈ። በተቃራኒው ሊያም ላውሰን በ2025 ሬድ ቡል ውስጥ የቆየው ለሁለት ውድድር ብቻ ነው፤ ከጃፓን ጀምሮ ዩኪ ሱኖዳ ተካው። ይህ ለአንድ ወጣት በጣም ጨካኝ አሠራር ይመስለኛል። በሁለት ውድድር የሰው ችሎታ አይለካም።

«ስፖንሰር ይዞ የመጣ ችሎታ የለውም»

ኒኪ ላውዳ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ፎርሙላ 1 የገባው ከባንክ ተበድሮ ቦታ በመግዛት ነው። ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ፔሬዝም በሜክሲኮ ኩባንያዎች ድጋፍ ነው ያደገው፤ ስድስት ውድድር አሸንፏል። ገንዘብ ይዘው መጥተው ምንም ሳይታዩ የሄዱ ብዙዎች እንዳሉ አልክድም። ግን ገንዘቡ በሩን ያስከፍት እንደሆነ እንጂ ውድድር አያሸንፍም።

«የዝውውር ወሬ ሁሉ ፈጠራ ነው»

ይህኛው ጥንቁቅ ሰዎች የሚሳሳቱት ስህተት ነው። በ2025 ቨርስታፐን ወደ መርሴዲስ ሊሄድ ነው ሲባል ብዙዎች ጋዜጠኞች ያመጡት ነው አሉ። ንግግር እየተካሄደ መሆኑን በይፋ የተናገረው ግን ራሱ የመርሴዲሱ አሽከርካሪ ጆርጅ ራስል ነው። በጁላይ መጨረሻ፣ በሃንጋሪ፣ ቨርስታፐን ለ2026 በሬድ ቡል እንደሚቀጥል አረጋገጠ። የራስል አዲስ ውል የታወጀው በኦክቶበር ነው። ዝውውሩ አልተፈጸመም፤ ንግግሩ ግን ነበር። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። አንድ አሽከርካሪ ከሌላ ቡድን አለቃ ጋር ቡና ሲጠጣ የተነሳው ፎቶ ግን ምንም አያረጋግጥም። ሁሉም በአንድ ግቢ ነው የሚውሉት።

«ወደ ደካማ ቡድን ከሄደ አበቃለት»

ካርሎስ ሳይንዝ ቦታውን ለሃሚልተን እንደሚለቅ ካወቀ በኋላ በ2024 ለፌራሪ ሁለት ውድድር አሸነፈ። ያም ሆኖ ከትልልቆቹ የወሰደው የለም። መርሴዲስ የ18 ዓመቱን ኪሚ አንቶኔሊን መረጠ፣ ሬድ ቡል ከፔሬዝ ጋር መቆየትን መረጠ። ይህ ለሳይንዝ ፍትሐዊ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። በዚያ ዓመት 9ኛ ወደወጣው ዊሊያምስ ሲሄድ ብዙ ሰው እንደ ውድቀት ቆጠረው። በ2025 በባኩ 3ኛ ሆኖ መድረክ ላይ ወጣ፤ ዊሊያምስም ዓመቱን 5ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ከዚህ የሚበልጠው ምሳሌ ራሱ ሃሚልተን ነው። በ2012 ማክላረንን ለቆ ወደ መርሴዲስ እንደሚሄድ ሲነገር ብዙዎች ትልቅ ስህተት ነው አሉ። በዚያ ዓመት ማክላረን ሰባት ውድድር ሲያሸንፍ መርሴዲስ ያሸነፈው አንድ ብቻ ነበር። ተቺዎቹ ያዩት የዓመቱን ውጤት ነው። ሃሚልተን ያየው በ2014 የሚመጣውን አዲስ የሞተር ሕግና መርሴዲስ ለዚያ ሕግ ያደርግ የነበረውን ዝግጅት ነው። በ2013 ማክላረን አንድም ጊዜ መድረክ ላይ አልወጣም። ሃሚልተን ከ2014 እስከ 2020 ባለው ጊዜ በመርሴዲስ ስድስት ሻምፒዮና ወሰደ።