ዕለታዊ ማስታወሻ ምንድን ነው? ዲያሪ እንዳትሉኝ

«ዕለታዊ ማስታወሻ» የሚለው ቃል ሰሞኑን ለሦስት ነገር ያገለግላል፦ ለዲያሪ፣ ለሥራ ዝርዝር፣ ስሙ ላይ ቀን ለተጻፈበት ፋይል ሁሉ። አንዱ አስተያየት ሰጪማ ማስታወሻውን በሙሉ በቀን ደርድሮ ስለጨረሰ ተደራጅቻለሁ ይላል። አልተደራጀም፤ በተራ ከመረው እንጂ።

ዕለታዊ ማስታወሻ ማለት እንደ ኦብሲዲያንና ሎግሴክ ባሉ የማስታወሻ መያዣ ፕሮግራሞች ውስጥ ለእያንዳንዱ ቀን የሚከፈት አንድ ገጽ ነው። ስልክ ቁጥሩ፣ ሂሳቡ፣ ሐሳቡ፣ የሰው መልእክቱ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። መጀመሪያ ነው ያልኩት።

ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ወዳለ የትኛውም መሥሪያ ቤት ገብታችሁ መዝገብ ቤቱን ጎብኙ። ደብዳቤ ሲመጣ ሠራተኛዋ ገቢ መዝገቡን ትከፍትና ተራ ቁጥሩን፣ የገባበትን ቀን፣ ከማን እንደመጣና ጉዳዩን ታሰፍራለች። ያ መዝገብ የተደረደረው በቀን ነው። ደብዳቤው ግን እዚያ አያድርም፤ ኃላፊው ይመራዋል፣ ከዚያ የጉዳዩ ፋይል ውስጥ ገብቶ ይታሰራል። ገቢ መዝገቡ «መቼ ገባ?» ለሚል፣ ፋይሉ «ስለምን?» ለሚል ጠያቂ ነው። ዕለታዊ ማስታወሻ ገቢ መዝገቡ ነው። በቀን ብቻ የሚያደራጅ ሰው ገቢ መዝገብ ገዝቶ የፋይል መደርደሪያውን እንደሸጠ መሥሪያ ቤት ነው።

ምሳሌው አንድ እግሩ ያነክሳል፤ ወረቀት ወይ እዚህ ወይ እዚያ ነው። በሶፍትዌሩ ግን የሚዛወር ነገር የለም። ስሙን በድርብ ማዕዘን ቅንፍ ከከበባችሁት የራሱ ገጽ ይኖረዋል፤ ያን ገጽ ስትከፍቱ የተጠቀሰባቸው ቀኖች ሁሉ ከግርጌ ወይም ከጎን ተዘርዝረው ይመጣሉ። «መምራት» ማለት ይኸው ነው። አንድ አስጎብኚ ዓርብ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. የሚከተለውን ጻፈ እንበል፦

[[ሹፌር]]፦ ጥር 11 ሌሊት 10 ሰዓት፣ 4 እንግዶች ወደ [[ባሕረ ጥምቀት]]። 3,000 ብር ተስማምተን 1,000 ተከፍሏል።

ሚያዝያ ላይ በቀሪው 2,000 ብር ቢከራከሩ ወሬው የተጻፈው ጥር 9 እንደነበር ማን ያስታውሳል? የሹፌሩን ገጽ ከፍቶ ያገኘዋል። ቅንፉ ባይኖር የሚቀረው ፍለጋ ነው፤ ፍለጋ ደግሞ «ሹፌር» ብሎ ለጻፈና «ሾፌር» ብሎ ለሚፈልግ ሰው አይሠራም።

ከሁሉ የሚያናድደው ስሕተት «የማስታወሻው ቀን» አንድ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ከላይ ያለችው መስመር እንኳ ሁለት ቀን አላት፤ የተጻፈችበት ጥር 9፣ ነገሩ የሚሆንበት ጥር 11። ገጹ የሚሰየመው በተጻፈበት ቀን ነው፤ የሚሆንበት ቀን ውስጡ ይጻፋል። «ለጥር 11 የሚሆነውን ጥር 11 ገጽ ላይ ልጻፈው» የሚል ሰው መቼ እንደተዋዋለ ማስረጃ አይኖረውም። ደብዳቤም ቢሆን ራስጌው ላይ ያለው ቀንና የገባበት ቀን ይለያያሉ። ያልተጠየቅሁት ግን የማልተወው ነገር፦ ቀን የሌለው አሮጌ ማስታወሻ ካላችሁ በግምት ቀን አትስጡት። «ቀን የሌለው» ብላችሁ ለብቻው አስቀምጡት፤ የተገመተ ቀን ከዓመት በኋላ እውነተኛ መስሎ ይነበባል።

ሦስተኛም ቀን አለ፣ እሱን ጭራሽ አትመኑት፤ ኮምፒውተሩ ለፋይሉ የሚሰጠው «የተፈጠረበት ቀን»። በፍላሽ ስትገለብጡት የተገለበጠበት ቀን ይሆናል፣ ከቴሌግራም ስታወርዱት ያወረዳችሁበት። ቀኑ ስሙ ውስጥ ይግባ።

ስሙ እንዴት ይጻፍ? ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ በዚሁ ተራ፤ ነጠላ ቁጥር ከፊቱ ዜሮ ይዞ። በወር ስም የሚጽፉ ሰዎች አቃፊያቸውን ይክፈቱና ይዩ፤ በፊደል ተራ ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል፣ ጥር ከጥቅምት ይቀድማል። «ኅዳር» ብላችሁ ከጻፋችሁት ከታኅሣሥ ቀጥሎ ይገኛል፤ «ህዳር» ካላችሁት ደግሞ ከሐምሌም በፊት ይወጣል። አንድ ወር ሁለት ቦታ።

በኛ አገር ትልቁ ጣጣ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። 2017-05-11 ብላችሁ ስትጽፉ ጥምቀት ማለታችሁ ነው፣ ፕሮግራሙ ግን ሜይ 11 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ብሎ ያነበዋል፤ ስሕተት መሆኑንም አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም ትክክለኛ ቀን ነው። ስሕተቱ የሚታየው ሲብስ ብቻ ነው፦ ጥቅምት 30 «02-30» ስለሚሆን እንደ ቀን አይቆጥረውም፣ ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነች ጨርሶ አያውቃትም። ስለዚህ የፋይሉ ስም በፈረንጅ ይሁን፣ የገጹ የመጀመሪያ መስመር በእኛ። ይህን የአገር ፍቅር ጉዳይ የሚያደርግ አይጠፋም፤ የዕለቱን ገጽ የሚከፍተው «ዛሬ» የሚለው ቁልፍ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ልዩነቱን በቃል መያዝም አያዋጣም፤ የ2016 ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ዋለ፣ የ2017 ጃንዋሪ 19። እንግዳ የሚቀበል ሰው አንድ ቀን ሲስት ምን እንደሚገጥመው ጎንደሬ ያውቀዋል።

ኦብሲዲያን ላይ ቅንብሩ የሚገኘው ከዋና ተሰኪዎች (Core plugins) ውስጥ በዕለታዊ ማስታወሻው ሥር ነው። የቀን ቅርጹ አራት ትልቅ ዋይ፣ ሰረዝ፣ ሁለት ትልቅ ኤም፣ ሰረዝ፣ ሁለት ትልቅ ዲ ነው። ትንሽ ኤም ወር ሳይሆን ደቂቃ ነው፤ በትንሹ የጻፈ ሰው ደቂቃው ተለውጦ ቁልፉን በነካ ቁጥር ሌላ ገጽ ይከፈትለታል፣ ከዚያ «ማስታወሻዬ ጠፋ» ብሎ ይጮሃል። ትንሽ ዲ ሁለት ጊዜ ከተጻፈ የሳምንቱን ቀን ስም ያመጣል። በእዝባር (/) ከለያያችሁት ደግሞ ስም ሳይሆን አቃፊ በአቃፊ ይሆናል። ሎግሴክ በተቃራኒው ለዓመትና ለቀን ትንንሾቹን ፊደላት ነው የሚፈልገው፤ የአንዱን ቅርጽ ወደ ሌላው አትገልብጡ።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ገጹ የሚቀየረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። አምሽታችሁ 7 ሰዓት ላይ የጻፋችሁት ለእናንተ የዛሬ ማታ ቢሆንም የሚገባው ነገ ውስጥ ነው። «2 ሰዓት» ብቻ ብላችሁም አትተዉት፣ ጠዋት ወይም ማታ በሉ፤ ፕሮግራሙ ራሱ የሚያስገባው ሰዓት 08:00 ወይም 20:00 ብሎ ስለሚመጣ ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ይጋጫሉ።

በዓመት አቃፊ የምትከፋፍሉ፣ ሥራችሁ ከበጀት ጋር የተያያዘ ከሆነ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 እንደሚገባ አትርሱ፤ የ2017 በጀት ዓመት የጀመረው በ2016 ሐምሌ ነው።

የተበላሸ ስም ያለው ክምር ላለበት፦ መጀመሪያ አቃፊውን በሙሉ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ስሙን ፕሮግራሙ ውስጥ ሆናችሁ ቀይሩ፤ በስልኩ ፋይል ማኔጀር ከቀየራችሁት ወደዚያ ገጽ ያመለክቱ የነበሩ ቅንፎች አሮጌውን ስም ይዘው ይቀራሉ።