በለስ ነቅሎ መትከል፦ ሰው የሚለውና እውነታው

የሰፈራችን እናት የሆኑ አንዲት እማማ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ጋ ሊገቡ ሲሉ፣ ያሳሰባቸው ሶፋውም ቡፌውም አልነበረም፣ ጓሮ ያለችው በለስ ናት። ልጅቷ አፓርትመንት ስለሆነች መሬት የላትም፣ «አንቺ ጋ ትምጣ ልጄ፣ ለማላውቀው ሰው ትቻት አልሄድም» አሉኝ። እሺ ብዬ ልነቅላት ስዘጋጅ የመካሪው ብዛት! ቤተክርስቲያንም ሱቅም ያገኘሁት ሰው ሁሉ ስለ በለስ አንድ ነገር ያውቃል፣ ሁሉም የሚናገረው ከልቡ ነው፣ ግን ግማሹን ብሰማ ኖሮ ዛፏ ዛሬ አትኖርም ነበር። ስለዚ የሰማሁትን አንድ በአንድ ላንሳው። (በነገራችን ላይ አሜሪካ ውስጥ ቤት የምትሸጡ ከሆነ መሬት ላይ የተተከለ ዛፍ ከቤቱ ጋር እንደተሸጠ ነው የሚቆጠረው፣ ነቅላችሁ ልትወስዱ ካሰባችሁ ኮንትራቱ ላይ ቀድማችሁ አስጽፉት፣ እኛ አስጽፈናል።)

«በለስ እኮ አይሞትም፣ ቆርጠሽ ብትወረውሪው ራሱ ይበቅላል።» ይሄን ያሉኝ ሰዎች የሚያውቁት በለስ ሌላ ነው፣ እሾሃማው፣ የቁልቋሉ በለስ። እሱ መነሻው ሜክሲኮ አካባቢ ነው፣ ጠፍጣፋው አካሉ ተገንጥሎ አፈር ላይ ከወደቀ እውነትም ሥር ይሰዳል። እኔ የማወራው ቅጠሉ እንደ እጅ መዳፍ ስለሆነው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ስለሚያወጣው ስለ መጽሐፍ ቅዱሱ በለስ ነው፣ የሾላና የዋርካ ዘመድ። እሱም ጠንካራ ነው፣ ግን ትልቅ ሆኖ ሥሩ ተቆርጦ ሲነሳ እንደማንኛውም ዛፍ ይጎዳል። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ አንዱን እንደሌላው ማየት ብዙ ዛፍ ገሏል ብዬ ነው የማምነው።

«ሞቅ ይበልና ሜይ ላይ ቅጠል አውጥታ አንሺያት፣ ያኔ በሕይወት መኖሯንም ታውቂያለሽ።» ከሁሉም በላይ ገዳይ ምክር ይሄ ነው። ለምን መሰላችሁ፣ ዛፍ ስትነቅሉ አብዛኛውን ሥር መሬት ውስጥ ትታችሁት ነው የምትሄዱት፣ በተለይ ውሃ የሚመጥጡትን ቀጫጭኖቹን። ቅጠል ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውሃ ያተናል፣ የበለስ ቅጠል ስፋቱን ታውቁታላችሁ። ከላይ ያ ሁሉ ቅጠል ውሃ አምጣ ይላል፣ ከታች የሚያመጣ የለም፣ በሁለት ቀን ቅጠሉ ጠውልጎ ይንጠለጠላል። ቅጠል በሌላት ሰዓት ግን ዛፏ ተኝታለች፣ ምግቧን ግንዷና ሥሯ ውስጥ አስቀምጣለች፣ ስትነቃ መጀመሪያ አዲስ ሥር ታወጣበታለች። እዚህ ሜሪላንድ በለስ ኖቬምበር ላይ ውርጭ ሲመታት ቅጠሏን ታራግፋለች፣ ኤፕሪል ላይ ትነቃለች። እኛ ያነሳናት ማርች በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ መሬቱ በረዶው ለቆት ግን እሷ ገና ሳትነቃ። የቅርንጫፉን ጫፍ ብታዩት ይገባችኋል፣ ቡቃያው እንደ ብዕር ጫፍ ሾጠጥ ያለ፣ የተዘጋና ደረቅ ከሆነ ተኝታለች። አረንጓዴ ብቅ ካለ ሰዓቱ እያለፈ ነው፣ ፍጠኑ። ቅጠሉ ከተዘረጋ ግን ካላስገደዳችሁ በቀር እስከሚቀጥለው ክረምት፣ ማለቴ እስከ ብርዱ ወቅት፣ ተዋት።

«ሥሯ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ በጥልቀት ቆፍሪ።» አይደለም። የበለስ ሥር አብዛኛው ከላይ ነው ያለው፣ ወደ ጎን ነው የሚዘረጋው፣ ከቅርንጫፎቹ ጥላም አልፎ ይሄዳል። ስለዚ ጥልቀት ሳይሆን ስፋት ነው የሚያስፈልጋችሁ። በግምት ለአንድ ኢንች የግንድ ውፍረት 10 እስከ 12 ኢንች ስፋት ያለው የሥር እቅፍ (ሥሩ ከነአፈሩ) ይያዝላት ይባላል፣ የእማማ በለስ ግንድ 3 ኢንች ስለነበር ወደ 30 ኢንች የሚሆን ክብ ምልክት አድርገን ዙሪያዋን ቆፈርን። ጥልቀቱ አንድ ፊት (ጫማ) ተኩል አካባቢ ነው። በዶማ አትደብድቧት፣ ዶማ ሥሩን ይቀጠቅጠዋል። ጠርዙ የተሳለ አካፋ ያዙ፣ ወፍራሙን ሥር ደግሞ በመጋዝ ልቅም አድርጋችሁ ቁረጡት፣ የተቀጠቀጠ ሥር ይበሰብሳል።

«አፈሯን እንዳትነኪ፣ አንድ እፍኝ ከወደቀ ሞተች በያት።» ይሄ ሊያደክማችሁ ነው። አንድ ኪዩቢክ ፊት እርጥብ አፈር ወደ 100 ፓውንድ ይመዝናል፣ የእኛን ያንን እቅፍ አስቡት፣ አራት ሰው ሆነን ንቅንቅ ማድረግ አቃተን። ባለቤቴ «ወገባችን ሳይቀነጠስ ይብቃን» አለ፣ ልክ ነበር። በለስ በተኛችበት ሰዓት አፈሯ በከፊል ቢራገፍ ትችላለች፣ የማትችለው ሥሯ ሲደርቅ ነው። ስለዚ ግማሹን አፈር በእጃችን ቀስ እያልን አራገፍንና ሥሩን እርጥብ ጆንያ ጠቅልለን፣ በሸራ ጎትተን ፒክአፑ ላይ ጫንናት። መንገዱ 20 ደቂቃ ነው ብላችሁ ሥሩን ሳትሸፍኑ አትንዱ፣ የማርች ንፋስ ቀጭን ሥር ለማድረቅ ያ ይበቃዋል።

«ጉድጓዱን በፋንድያ ሙይው፣ በወንጌልም አለ እኮ።» ይሄን ያሉኝ ራሳቸው እማማ ናቸው፣ የሉቃስ 13ን በለስ ማለታቸው ነው፣ ሦስት ዓመት ፍሬ ያጣችውንና ጠባቂው ዙሪያዋን ኮትኩቼ ፋንድያ ላድርግላትና ዘንድሮን ተዋት ብሎ የለመነላትን። እኔም ደስ ብሎኝ ነው የሰማኋቸው፣ ግን «እማማ፣ ያቺ እኮ ድሮውኑ ሥር ሰዳ የቆመች ናት፣ ፋንድያውም ዙሪያዋን እንጂ ከሥሯ አልገባም» አልኳቸው፣ ትንሽ አሰቡና «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የእኛ አገር፣ ማለቴ እዚህ ሜሪላንድ የእኛ አካባቢ አፈር ቀይ ሸክላማ ነው፣ ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። ጉድጓዱን በለስላሳ ኮምፖስት ከሞላችሁት ዝናብ ሲመጣ እዛው ይጠራቀምና ባልዲ ይሆናል፣ ሥሩም ከለስላሳው መውጣት አይፈልግም። ያልበሰለ ፋንድያ ደግሞ አዲሱን ሥር ያቃጥላል። ከጉድጓዱ የወጣውን ያንኑ አፈር መልሱበት፣ ኮምፖስቱን ከላይ አልብሷት፣ በላዩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ 3 ኢንች ያህል፣ ግንዱን ሳይነካ። ማዳበሪያ የመጀመሪያውን ዓመት ምንም። ናይትሮጅን የበዛበት በለስ ቅጠል በቅጠል ይሆናል፣ ፍሬው ይዘገያል፣ ለጋው እንጨት ሳይጠነክር ብርድ ይደርስበታል።

«ከነበረችበት ዝቅ አድርገሽ እንዳትተክያት።» ለብዙ ዛፍ ትክክል ነው። በለስ ግን ከግንዷም ሥር ማውጣት ስለምትችል ከ2 እስከ 4 ኢንች ዝቅ ብትል አትጎዳም፣ እንደውም ክረምቱ ላይኛውን ቢገድለው ከታች ታቆጠቁጣለች።

«ቅርንጫፏን ከቆረጥሽ ፍሬ አታይም።» ያው ግማሽ እውነት ነው። በለስ ሁለት ጊዜ ልታፈራ ትችላለች፣ ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ ሙቀቱ ሲጀምር የሚመጣው የመጀመሪያ ፍሬና ዘንድሮ በሚወጣው አዲስ ቅርንጫፍ ላይ የሚመጣው ዋናው ፍሬ። ስትቆርጡ የምታጡት የመጀመሪያውን ነው። እኔ ሲሶውን ያህል ቆረጥኩ፣ የቀረው ሥር የሚችለውን ያህል እንዲሸከም ብዬ። እና ለነቀላችሁበት ዓመት ፍሬ ባትጠብቁ ይሻላል፣ ትንንሾቹ ከመጡም ልቀሟቸው፣ ያሳዝናል አውቃለሁ።

ስትቆርጡ ጓንትና እጅጌ ሙሉ ልብስ አድርጉ። «ወተቱ ምንም አያደርግም፣ እንደውም ለቆዳ ኪንታሮት መድኃኒት ነው» የሚሉ አሉ። ወተቱ ውስጥና ቅጠሉ ላይ ፉሮኩማሪን የሚባል ነገር አለ፣ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ጥቁሩ ምልክት ለወራት ይቆያል። ልጆቻችሁ ላይ በጭራሽ አትቀቡ።

«ወንድ ዛፍ ካልተከልሽላት አታፈራም» የሚሉት ደግሞ እዚህ አይሠራም። ካሊፎርኒያ የሚለማው ካሊሚርና የሚባለው ዓይነት ነው ትንሽዬ ተርብ የአበባ ዱቄት ካላመጣችለት ፍሬው የሚረግፈው፣ እዚህ ጓሮ ውስጥ ያሉት ብራውን ተርኪ፣ ሰለስት፣ ቺካጎ ሃርዲ ግን ብቻቸውን ያፈራሉ።

አሁን ከሁሉም ያስጨነቀኝ፦ «ሜይ ደርሶ ቅጠል ካላወጣች ሞታለች።» ኤፕሪል አለቀ፣ የጎረቤቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ፣ የእኛ በለስ እንደ ዱላ ቆማለች። እማማ በየሳምንቱ ይደውላሉ፣ «እንዴት ናት?» ይላሉ፣ እኔ «ደህና ናት እማማ» እላለሁ እንጂ ሆዴ ፈርቷል። ከዛ አንድ ቀን በጥፍሬ ቅርፊቷን ትንሽ ፋቅ አደረግኩ። ላይኛው ቅርንጫፍ ቡናማ ነው፣ ደርቋል። ዝቅ አልኩ፣ እሱም ቡናማ። ከመሬት አንድ ፊት ከፍ ብሎ ስፍቀው ግን ውስጡ እርጥብ፣ ደማቅ አረንጓዴ! ሜይ ሊያልቅ ሲል ከዛችው ቦታ ዝቅ ብሎ የሩዝ ፍሬ የምታክል ቡቃያ ወጣች፣ ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው፣ እልል ሲሉ በስልክ ሰማሁ። ነቅላችሁ የተከላችኋት በለስ እስከ ጁን ልትቆይ ትችላለች፣ ከታች አረንጓዴ እስካለ ድረስ አትንቀሏት።

በዚህ መጠበቂያ ጊዜ ሰው የሚያጠፋው ውሃ በማብዛት ነው፣ «ጠምቷት ይሆናል» ብሎ በየቀኑ ማፍሰስ። ቅጠል የሌላት ዛፍ ብዙ አትጠጣም። የተከላችሁ ቀን ሁለት ትልልቅ ባልዲ ቀስ እያላችሁ አጠጧት፣ አፈሩ ሥሩ መሃል እንዲገባ፣ ከዛ በኋላ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡና እርጥብ ከሆነ ተዉት። ቅጠል ስታወጣ በሳምንት ሁለቴ፣ የጁላይ ሙቀት ሲመጣ ጨመር አድርጉ። ቅጠል ቢጫ ሲሆን ውሃ አንሷት ነው ብላችሁ አትደምድሙ፣ ሲበዛባትም ቢጫ ትሆናለች፣ ጣታችሁ ይነግራችኋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ይሄን ማንም አልመከረኝም ግን መጀመሪያ መደረግ ያለበት እሱ ነው። ከመቆፈራችሁ በፊት እርሳስ የሚያክል ውፍረት ያላቸው፣ 8 ኢንች የሚረዝሙ አራት አምስት ቅርንጫፎች ቆርጣችሁ እርጥብ አፈር ውስጥ ሰክታችሁ አስቀምጡ፣ እናትየዋ ብትሞት ዘሯ ይቀራል። እኔ አምስት ሰክቼ ሦስቱ ያዙ። አንዷን በማሰሮ ተክዬ ለእማማ ወሰድኩላቸው፣ አሁን ልጃቸው አፓርትመንት በረንዳ ላይ ናት፣ ጠዋት ጠዋት ቡናቸውን እሷ አጠገብ ነው የሚጠጡት።