መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ምንድን ነው? ሰውነታችሁን ተዉት

ሰሞኑን አንድ ስለ ጤና የሚናገር ሰው እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «አንድን አንቲባዮቲክ ደጋግማችሁ ከወሰዳችሁ ሰውነታችሁ ይለምደዋል። ስለዚህ እየቀያየራችሁ ውሰዱ።» እዚህ ጎንደርም ይሄው አባባል በባጃጅ ውስጥ፣ በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ፣ በሆስፒታል ኮሪደር ሳይቀር ይነገራል። ስህተት ነው። ሰው የሚገድል ስህተት ነው።

መድኃኒቱን የሚቋቋመው ባክቴሪያው ነው።

ከተወለደ አራት ቀኑ የሆነ ሕፃን አስቡ። ያለ ጊዜው ነው የተወለደው። ሰውነቱ ቀዝቅዟል፣ ጡት አልይዝ ብሏል። ደሙ ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያ ካለበት አሳድጎ ለማየት፣ ወደ ላቦራቶሪ ይመጣል፤ ክሌብሲዬላ የሚባል ባክቴሪያ ያድጋል። ባክቴሪያውን የገለባ ቀለም ባለው አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ጄሊ መሰል ነገር) ላይ እኩል እንቀባዋለን። ከላዩ መድኃኒት የጠጡ፣ 6 ሚሊ ሜትር የሚሰፉ ክብ ወረቀቶች እናስቀምጥና 35 ዲግሪ ላይ እናሳድረዋለን። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ ጠዋት በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ባዶ ክብ ይታያል። ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን አንቲባዮቲክ በጠጣው ወረቀት ዙሪያ ግን ባዶ ቦታ የለም። ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ በቅሏል። (ክቡ ስላለ ብቻም መድኃኒቱ ይሠራል አይባልም። ስፋቱ በማስመሪያ ተለክቶ ከሰንጠረዥ ጋር ይመሳከራል። በዓይን ግምት የተጻፈ ውጤት አትመኑ።)

ይህ ሕፃን ሴፍትሪያክሶን ወስዶ አያውቅም። ታዲያ የቱ ሰውነት ነው የለመደው? «እናቱ ወስዳ ቢሆንስ?» ትሉ ይሆናል። ወስዳም ቢሆን ከእሷ ወደ እሱ ሊተላለፍ የሚችለው ባክቴሪያው ነው። የሰውነት ልማድ አይተላለፍም።

ከአዘዞ ወረድ ብላችሁ ደንቢያ ግቡ። ገበሬው ጤፉ ላይ ቱ ፎር ዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ሲረጭ ሰፋፊ ቅጠል ያለው አረም ይጠፋል፣ ሣር መሰሉ ይቀራል። በየዓመቱ ያንኑ ብቻ ቢረጭ ማሳው በሣር መሰል አረም ይወረራል። «መሬቴ መድኃኒቱን ለመደው» የሚል ገበሬ ግን የለም። ያልሞተው አረም እንደተራባ ያውቃል። ሰውነታችሁ ማሳው ነው። ሆስፒታል ደግሞ ብዙ ማሳ ያለ ድንበር ተጠጋግቶ ቀን ከሌት የሚረጭበት ቦታ ነው። ዘሩን ከማሳ ማሳ የሚያዞረው እጅ ነው፤ የነርስ እጅ፣ የሐኪም እጅ፣ የአስታማሚ እጅ። ካቴተሩ (ሰውነት ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) እና የመተንፈሻ ቱቦውም በር ይከፍቱለታል። ሕፃኑ ጋ የደረሰው ሌላ ማሳ ላይ የተራባ አረም ነው። «እኔ ኪኒን አልወድም፣ አይመለከተኝም» የሚል ሰውም ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ያው አረም ሊያገኘው ይችላል።

ምሳሌው የማይሠራበት ቦታ አለ፤ እሱን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። አረም ጸባዩን ገልብጦ ለሌላ ዓይነት ጎረቤት አረም አያካፍልም። ባክቴሪያ ግን ያካፍላል። ፕላዝሚድ የምንለውን ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ገልብጦ ለሌላው ይሰጣል፤ ለሌላ ዝርያም ጭምር። አንጀታችን ውስጥ በሰላም የሚኖር ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ለክሌብሲዬላ ሊያቀብል ይችላል። ሴፍትሪያክሶንን የሚሰባብረው ኢንዛይም በብዛት የሚዛመተው በዚህ መንገድ ነው።

«እየቀያየራችሁ ውሰዱ» የሚለው ምክር የሚያበሳጨኝም ለዚህ ነው። አንድ ፕላዝሚድ ብዙ ጊዜ የሦስት አራት መድኃኒት መከላከያ አንድ ላይ ተሸክሞ ይዞራል። ጄንታማይሲን የሚባለውን ሌላ አንቲባዮቲክ ስትወስዱ ጄንታማይሲንን የሚቋቋመው ይተርፋል፤ አብሮት ሴፍትሪያክሶንን የመቋቋም አቅሙም ይራባል። መቀያየር መድኃኒቱን አያሳርፈውም። ተጨማሪ ርጭት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ሰውነት የሚለምዳቸው መድኃኒቶች አሉ። ሞርፊን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሕመምተኛ መጠኑ እንዲጨመርለት ሊያስፈልግ ይችላል። የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ የጉበትን ሥራ ያፋጥንና ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ ያስወግዳል፤ የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ለሐኪሟ መንገር ያለባትም ለዚህ ነው። ሰዎች ነገሩን የሚያምታቱት ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። እኛ የምናወራው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው።

ባክቴሪያው ደግሞ ፈጣን ነው። ሜቲሲሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ በ1959 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ዋለ። በ1961 የሚቋቋመው ስታፊሎኮከስ ኦውረስ የሚባል ባክቴሪያ እንግሊዝ አገር ተገኘ። ዛሬ ሴፍትሪያክሶን እንቢ ሲል ሐኪሙ ሜሮፔነም ወደሚባለው ሌላ አንቲባዮቲክ ይሄዳል። ሜሮፔነምንም የሚሰብር ክሌብሲዬላና አሲኔቶባክተር የሚባል ሌላ ባክቴሪያ አለ። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ውድ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ኩላሊት ይጎዳሉ። «ጠንካራ መርፌ ይሰጠኝ» ብሎ ከሐኪም ጋር መከራከር ይህን መንገድ ያሳጥረዋል።

አስታማሚ ከሆናችሁ በሽተኛችሁን ከመንካታችሁ በፊትም በኋላም እጃችሁን ታጠቡ፤ ውሃ ከጠፋና እጃችሁ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ከሌለው አልኮል ማሻውን ተጠቀሙ። ካልቸር ከታዘዘ ደሙ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል፤ ከመርፌው በኋላ ከተወሰደ ባክቴሪያው እያለ ላያድግ ይችላል። በሽተኛው በጣም ካመመው ግን ደም ለመውሰድ ተብሎ መድኃኒት አይዘገይም። ከሌላ ሆስፒታል ተልካችሁ ከመጣችሁም እዚያ ምን ያህል ቀን እንደተኛችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ የወሰዳችሁትን መድኃኒት ካርቶንም ይዛችሁ ኑ።