ከርቲስ ፕሬሪ፦ በማዲሰን ከተማ ጥግ ዳግም የበቀለ የሣር ምድር

ከርቲስ ፕሬሪ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በማዲሰን ከተማ ደቡባዊ ክፍል የሚገኝ 30 ሄክታር ገደማ የሣር ምድር ነው። ዛፎችና ሌሎች ዕፅዋት ለጥናት የሚጠበቁበት የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ አርቦሬተም አካል ሲሆን፣ ፕሬሪን፣ ማለትም ረጃጅም ሣርና የዱር አበባ ተቀላቅሎ የሚያድግበትን ሜዳ፣ ወደ ቀድሞ ገጽታው ለመመለስ ከተሞከረባቸው ቦታዎች ቀዳሚው ሆኖ ይታወቃል።

ሥራው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ቦታው ታርሶ የከረመ፣ ኋላም የፈረስ ግጦሽ የነበረ መሬት ነው። በኢኮኖሚ ቀውሱ ዘመን መንግሥት ለሥራ አጥ ወጣቶች ባቋቋመው መርሃ ግብር የታቀፉ ሠራተኞች፣ በዕፅዋት ሥነ ምህዳር ተመራማሪው በቴዎዶር ስፔሪ መሪነት፣ ካልታረሱ ቦታዎች ዘርና ከነአፈሩ የተነሣ ሣር እያመጡ ተከሉ።

መትከል ብቻውን ግን አልበቃም። ኬንታኪ ብሉግራስ የተባለው የግጦሽ ሣር ብርዱ ሳይለቅ ቀድሞ ስለሚያቆጠቁጥ፣ ሙቀት ጠብቀው የሚነሡትን የፕሬሪ ሣሮች ያፍናቸዋል። መፍትሔውን የገለጠው፣ ቦታው በስሙ የተሰየመለት የዕፅዋት ሊቅ ጆን ከርቲስ በ1940ዎቹ ያካሄደው የእሳት ሙከራ ነው። በፀደይ መግቢያ የሚለኮስ እሳት ለምለሙን ብሉግራስ ይለበልበዋል፤ የፕሬሪ ተክሎች ቡቃያ ግን ገና ከአፈር በታች ስለሆነ ይተርፋል። ኮምፓስ የሚባለው ቢጫ አበባማ ተክል ሥሩን ከ3 ሜትር በላይ ይሰዳል፤ ሰፋፊ ቅጠሎቹ ቀጥ ብለው ይቆሙና ጠርዛቸውን ወደ ሰሜንና ደቡብ ያዞራሉ። ይህን የመሰለውን ተክል እሳት አያጠፋውም።

ሜዳው ሲቃጠል በቅድሚያ ዙሪያው ታጭዶ እሳት የማይሻገረው መስመር ይበጃል። መጀመሪያ የሚለኮሰው ነፋሱ ወደሚነፍስበት በኩል ያለው ጫፍ ነው፤ እሳቱ ነፋሱን እየተጋፋ በዝግታ ወደ ኋላ ይበላል። የተቃጠለው ጥቁር መሬት በቂ ስፋት ሲኖረው ጎኖቹ፣ በመጨረሻም ነፋሱ የሚመጣበት ጫፍ ይለኮሳሉ። ከተማ አጠገብ ስለሆነ ጭሱ ወደ አውራ ጎዳናውና ወደ መኖሪያ ቤቶቹ የማይሄድበት ቀን ይመረጣል። ሜዳውን በአንዴ ማቃጠል ጥፋት ነው፤ በደረቅ አገዳ ውስጥ የከረሙ ነፍሳት መጠጊያ ያጣሉ።

ቁጥቋጦን በእሳት ብቻ መርታት አይቻልም። ከሥሩ መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ይቆረጥና ጉቶው ወዲያው ፀረ አረም ይቀባል። ዘር የሚዘራው በአብዛኛው የብርዱ ወራት ሊገባ ሲል ነው፤ ብዙዎቹ ዘሮች የብርዱን ወራት በቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ውስጥ ካላሳለፉ አይበቅሉም።

ከሁሉ የከበደው ፈተና ከመንገድና ከጣሪያ የሚወርደው የከተማ ጎርፍ ነው። የሚያመጣው ደለልና ማዳበሪያ ዝቅ ባለው እርጥብ ክፍል ሪድ ካናሪ ግራስ ለተባለው ወራሪ ሣር ይመቸዋል፤ እሱ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ውጦ ብቻውን ይቀራል። ጎርፉ እስካልተገታ ድረስ አረሙን መርጨትም ሆነ ማቃጠል ለጊዜው ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃው ፕሬሪው ጋ ሳይደርስ በኩሬ እንዲያርፍና ደለሉ እንዲዘቅጥ ይደረጋል፤ ኩሬው ሲሞላ ካልተጠረገ ግን ደለሉ ከውሃው ጋር ወደ ሜዳው ያልፋል።