ደን ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል

ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ገብቶ ቀና ያለ ሰው፣ ሁሉም ነገር ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስለዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዛፍ ሲለኩ የኖሩ ተመራማሪዎች ግን ሌላ ነገር ነው የሚነግሩን። ደጋግመን የምንሰማቸውን ጥቂት አባባሎች እያነሳን እንያቸው።

"ሰው ካልነካው ደን አይለወጥም"

ፓናማ ውስጥ ባሮ ኮሎራዶ የምትባል ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1980 ተመራማሪዎቹ ስቲቨን ሃቤልና ሮቢን ፎስተር እዚያ 50 ሄክታር ደን ለይተው ሥራ ጀመሩ። ውፍረቱ 1 ሴንቲሜትር የሞላ ግንድ ሁሉ ተቆጠረ፤ ከ200,000 በላይ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ውፍረቱ የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በትልልቆቹ ላይ የተለካበት ቦታ በቀለም ይሰመራል። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሜትሩ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ቢጠመጠም፣ ዛፉ ያላደገውን አደገ ተብሎ ይመዘገባል።

ከ1985 ጀምሮ ቆጠራው በየአምስት ዓመቱ ሲደገም ቆይቷል። የታየው ምንድን ነው? ማንም መጥረቢያ ሳያነሳ ዛፎች ይሞታሉ፣ ሌሎች ይተካሉ። በ1983 የደረሰው ከባድ ድርቅ ብቻውን ብዙ ትልልቅ ዛፎችን ጨርሷል። በደህናው ጊዜም ቢሆን በሞቃታማ አካባቢ ደኖች ከ100 ዛፍ አንዱ ወይም ሁለቱ በየዓመቱ ይሞታሉ። ደኑ ከሩቅ ሲታይ ያው ነው፤ ዛፎቹ ግን ሌሎች ናቸው።

"ቀጭን ዛፍ ለጋ ነው"

እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ጥላ የሚችሉ ዝርያዎች አሉ። ጣት የምታክል ችግኝ ትልቅ ዛፍ ሥር ተደብቃ ብዙ አሥርት ዓመታት ልትቆይ ትችላለች። አትሞትም፣ አታድግም ማለት ይቻላል። ከላይዋ ያለው ዛፍ ሲወድቅ ብርሃን ታገኝና ሽቅብ ትመዘዛለች። ታሪኩ ግንዱ ውስጥ ተጽፎ ይቀራል፦ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ዓመታዊ የዕድገት ቀለበቶች ተደራርበው ይመጡና ድንገት ይሰፋሉ። ቀለበቱ የሰፋበትን ዓመት የቆጠረ ሰው፣ ጎረቤትየው ዛፍ መቼ እንደወደቀ ማወቅ ይችላል።

"ትልቅ ዛፍ ከወደቀ ደኑ ተጎዳ"

የወደቀበት ክፍተት ነው አዲሱን ትውልድ የሚያሳድገው። አፈር ውስጥ የተኙ ጥቃቅን ዘሮች ጣራው መከፈቱን ያውቃሉ፤ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ስለሚውጠው፣ ቀዩ ሲደርሳቸው ከላያቸው ቅጠል እንደሌለ ይገባቸዋል። የበሰበሰው ግንድም የፈንገስና የነፍሳት ቤት ይሆናል። "እናጽዳው" ባይባል ደስ ይለኛል።

"የጠፋ ደን በተወሰነ ተራ ይመለሳል"

አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሬደሪክ ክሌመንትስ በ1916 እንዲህ ነበር ያስተማረው፦ መጀመሪያ ሣር፣ ከዚያ ቁጥቋጦ፣ በመጨረሻ የበሰለ ደን። ሌላው የዕፅዋት ተመራማሪ ሄንሪ ግሊሰን ደግሞ በ1926 ተቃወመው። እያንዳንዱ ዝርያ በራሱ መንገድ ነው የሚመጣው፣ ዕድልም ትልቅ ድርሻ አለው አለ። መጀመሪያ ሰሚ አላገኘም ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ወደ እሱ ያደላሉ። ቀድሞ የደረሰ ዕፅዋት ቦታውን ለረጅም ጊዜ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

"እሳት ሁሌም የደን ጠላት ነው"

እንደ ደኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1988 ከየሎውስቶን ፓርክ አንድ ሦስተኛው በላይ በእሳት ተነካ፤ ብዙዎች አለቀለት ብለው ነበር። እዚያ ያለው ሎጅፖል የተባለ የጥድ ዓይነት ግን በሙጫ የታሸገ ብዙ ፍሬ አለው። ሙጫው በእሳቱ ሙቀት ሲቀልጥ ዘሩ አመዱ ላይ ተበተነ፣ ብዙም ሳይቆይ ችግኙ ጥቅጥቅ ብሎ በቀለ።

ይሄን ይዞ ግን ዝናባማውን የአማዞን ደን ማቃጠል ምንም አይደለም ማለት አይቻልም። የዚያ ዛፎች ልጣጫቸው ስስ ነው። ከጉልበት በታች የሆነ፣ ቀስ እያለ የሚሄድ ነበልባል እንኳ ውስጣቸውን ያበስለዋል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ለጊዜው አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ፤ መድረቅ የሚጀምሩት ቆይተው ነው።